የ14 ወር ልጅ ይዞ ገናን አማት ቤት

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አዳማ ነው። ልጃችን ለገና 14 ወር ይሞላዋል። የባለቤቴ ቤተሰቦች ሐዋሳ ስለሆኑ በዓሉን እዚያ 6 ቀን እንድናሳልፍ ተወስኗል። ባለፈው ፋሲካ ልጁ ገና 6 ወሩ ሳለ ሄደን ነበር። በአንድ ግቢ 15 ሰው ተሰብስቦ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት፣ ሲስሙት፣ ወጥ በጣት ሲያልሱት ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ተቅማጥና ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ገባን። አማቴ ደግ ሴት ናቸው። ግን ትንሽ ነገር ስናገር ‹እኔ ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ› ይሉኛል፤ ዝም እላለሁ። ባለቤቴ ‹ለ6 ቀን ቻይው› ይለኛል። ብቀር ቅያሜ ነው፤ ብሄድ እንቅልፍ የለኝም። ምን ትሉኛላችሁ?»

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

ሂጂ። መቅረት ለአንድ በዓል ያሳርፍሽ ይሆናል፤ ቅያሜው ግን እስከሚመጣው ዓመት ይከተልሻል። ልጁም አያቱን ማወቅ አለበት። ብቻ እንደ ባለፈው ሆናችሁ አትሂዱ። የ6 ወር ልጅ ገና ምግብ የሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ነው፤ ከጡት ሌላ የማያውቅ ሆድ ባልታጠበ ጣት ወጥ ቀመሰ፤ ማን ምን እንዳቀመሰው የሚያውቅም አልነበረም። ዘንድሮ ሆዱ ጠንክሯል፤ እግሩ ግን ተፈቷል። ስለዚህ አንቺ የባለፈውን ተቅማጥ እያሰብሽ ስትጨነቂ፣ ያሁኑ አደጋ ጀበናው ሥርና ቆሎው ሳህን ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሻል።

የምንመክርሽ ሦስት ነገር ላይ ድርቅ እንድትዪ ነው፦ አፉ የሚገባው፣ እሳትና የፈላ ነገር፣ የሚተኛበት ቦታ። ሌላውን ልቀቂላቸው። ሦስት ሹራብ ቢደርቡለት አንዱን ቀስ ብለሽ ታወልቂለታለሽ። አናቱን ቅቤ ቢቀቡት ይታጠባል። ቀኑን ሙሉ ታቅፈውት ቢውሉ «መታቀፍ ይለምድብኛል» ብለሽ አትጨነቂ፤ አዳማ ስትመለሱ በጥቂት ቀን ይረሳዋል። በአሥር ነገር የምትከራከር ምራት በአሥሩም ትሸነፋለች።

ለእናቱ የሚናገረው ደግሞ ባለቤትሽ ነው። ያው ቃል ከምራት አፍ ሲወጣ ትችት፣ ከልጅ አፍ ሲወጣ ወሬ ነው። «ለ6 ቀን ቻይው» ሲልሽ «እችላለሁ፤ አንተ አንድ ስልክ ደውልልኝ» በዪው። ስልኩ ከጉዞው 10 ቀን ያህል ቀደም ይበል። ዋዜማ ላይ፣ ሽንኩርት እየተከተፈ፣ ማንም ማንንም አይሰማም።

ከስልኩ በፊት ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ክብደቱ ይለካ፤ ለመድኃኒት መጠን ትፈልጊዋለሽ። የክትባት ካርዱን አሳዪ፦ የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ካመለጠው አሁን ይወስዳል፤ ሁለተኛው በ15 ወሩ ስለሆነ ከሐዋሳ ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው ወር ይደርሳል፤ ቀኑን አስጽፊ። በርበሬውን፣ ጥሬ ሥጋውን፣ ጠላውን፣ ቆሎውን እዚያው ባለሙያዋን ጠይቁ። ያን ጊዜ ባለቤትሽ «ሐኪም ብሎናል» ሲል ውሸት አይሆንም፤ ያንቺና የእሳቸው ልምድም ፊት ለፊት አይጋጠምም።

ንግግሩ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ «እማዬ፣ ባለፈው ልጁ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አሁን ጤና ጣቢያ ወስደነው በርበሬ፣ ጥሬ ሥጋና ጠላ እንዳይነካ፣ ቆሎና ለውዝ እንዳይሰጠው ብለውናል። አንቺ ካልያዝሽልን እዚያ ቤት ማንም አይሰማንም። ምግቡን አንቺ ብቻ አብዪልን። ደግሞ ከሳሎኑ ራቅ ያለውን ክፍል ለሱ መተኛ ታደርጊልናለሽ?»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች እንዳይዘላቸው። «ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ» የሚሉ እናት የሚፈልጉት ቦታቸው እንዲታወቅላቸው ነው። ምግቡን ለእሳቸው ስጪያቸው። ሹመቱ ግን የእውነት ይሁን፤ እሳቸው ሲያበሉት አጠገባቸው ቆመሽ ማንኪያ አትቁጠሪ። «ይቅመስ» የሚል አጎት ሲመጣ የሚከለክሉት እሳቸው ይሆናሉ፤ እሳቸው የከለከሉትን ደግሞ ማንም አይሽርም።

ወደ ማዕዱ እንምጣ። ጉርሻን መከልከል አይቻልም፤ አትሞክሪው። ከአዳማ ደማቅ ቀለም ያላት አንዲት ትንሽ ሳህን ይዘሽ ሂጂ። ልጁን ማጉረስ ያማረው ሁሉ እጁን በሳሙና ታጥቦ ከዚያች ሳህን ያጎርሳል፤ ሳህኗም አያቱ ዘንድ ትቀመጣለች። ሰው የሚከፋው «አታጉርሰው» ሲባል ነው፤ «ከዚህች አጉርሰው» ቢባል ደስ ብሎት ያጎርሳል።

በሳህኗ የሚቀርበውን ዋዜማውን ለብቻ ትሠሪያለሽ። ዶሮው ተገነጣጥሎ በሎሚና በጨው ከታጠበ በኋላ፣ ወደ ወጡ ሳይገባ፣ አንድ ጭን አስቀሪ። (ፈረሰኛው ባለቤቱ የታወቀ ነው፤ እሱን አትጠይቂ።) በትንሽ ድስት ከግማሽ ራስ ሽንኩርት፣ ከአንድ ካሮትና ከአንድ መካከለኛ ድንች ጋር ውኃው ሥጋውን እስኪሸፍን ጨምረሽ ቀቅዪው። የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ 40 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ የሐበሻው ግን ከ1 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ሥጋው ራሱ ከአጥንቱ ሲላቀቅ አውጥተሽ በጣትሽ ዳስሺው፤ ስንጥር አጥንት በዓይን ያመልጣል፣ በጣት ግን ይገኛል። ከዚያ ሥጋውን እንደ ክር በጣጥሰሽ ከድንቹና ከካሮቱ ጋር በሹካ እየጨፈለቅሽ በመረቁ አላላው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ጣል አድርጊበት። ጨው አይፈልግም። እንጀራ መብላት ከለመደ ጫፉን ሳይሆን ለስላሳውን መካከሉን በመረቁ አርሰሽ ጨምሪለት።

በዚህ ዕድሜ ለአንድ ጊዜ ምግብ የሚበቃው 250 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ጎድጓዳ ሳህን ከሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ ነው፤ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ሁለቴ መክሰስ። የሚጠባ ከሆነ ጡቱ ይቀጥል፤ በሰው መሐል አመጋገቡ ቢዛባ እንኳ ጡት ይክሰዋል። በበዓል ቀን ትንሽ ቢበላ አያስደንግጥሽ። አዲስ ፊት ሲበዛበት አፉን የሚዘጋ ልጅ ብዙ ነው፤ ረጋ ወዳለ ክፍል ወስዳችሁ ስታበሉት ይበላል።

በወጥ የተነከረውን እንቁላል በውኃ አጥቦ መስጠት በየቤቱ አለ። በርበሬው ግን በተበሳው ነጭ ውስጥ ገብቷል፤ ማጠብ አያወጣውም። ለልጁ አንድ እንቁላል ለብቻ ይቀቀል። አስኳሉ ደረቅ ስለሆነ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፤ በመረቅ ወይም ፈልቶ በበረደ ወተት አልሚለት።

ትልልቆቹ ወጡን ደጋግመው እያሞቁ ሁለት ሦስት ቀን ይበሉታል። የልጁ ግን ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ ከቆየ ይደፋ። ስለዚህ ገና ሲወርድ በሁለት በሦስት ንጹሕ ዕቃ ከፋፍለሽ ፍሪጅ አስገቢ፤ ስትሰጪው እስኪንተከተክ አሙቂና አብርጂው። መብራት ሄዶ ብዙ ከቆየ አትመኚው። ማንኪያው የገባበትን ትርፍ ደግሞ አታስቀምጪ፤ ምራቁ ያበላሸዋል።

የማይነካው እንዲህ ነው። ጥሬ ሥጋና ክትፎ፣ ለብ ለብም ቢሆን፣ አይነካም፤ ኮሶ ብቻ ሳይሆን ሕፃን ልጅ የማይቋቋማቸው ባክቴሪያዎች አሉበት። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ከሄዳችሁ ጥሬ ዓሣውም እንደዚያው። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሆዱ» ተብሎም አይሆንም። ከጎረቤት የመጣ ወተት ይፈላ። ማር ለልጅሽ አሁን አያሰጋም፤ ግን ከዘመድ ልጆች መሐል 1 ዓመት ያልሞላው ካለ ማርም ብርዝም እንዳያቀምሱት ንገሪያቸው። ማር አልፎ አልፎ ከባድ መመረዝ የሚያስከትል ተሕዋስ ይይዛል፤ የጨቅላ አንጀት አይችለውም።

ቆሎ፣ ለውዝ፣ ፈንድሻ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ከረሜላና ሸንኮራ ልጁ ቢያንስ 4 ዓመት እስኪሞላው አይሰጡትም። መንጋጋው ስላልበቀለ አያደቅቃቸውም፤ ሲስቅ ወይም ሲሮጥ ወደ አየር ቧንቧው ይገባሉ። እየሳለ ወይም እያለቀሰ ከሆነ አየር አለውና ተዪው፤ ይሳል። ድምፅ ከጠፋ፣ ፊቱ ከጠቆረ፣ አትጠብቂ። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገሽ በሁለቱ ትከሻዎቹ አጥንት መሐል በእጅሽ መዳፍ ሥር 5 ጊዜ ምቺው። ካልወጣ ከኋላው ተንበርክከሽ ቡጢሽን ከእምብርቱ በላይ፣ ከጎድኑ በታች አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ጫኚ። እስኪወጣ አምስት አምስቱን አፈራርቂ። 1 ዓመት ላልሞላው ሆድ አይጫንም፤ በሁለት ጣት የደረቱ መካከል 5 ጊዜ ይጫናል። የታነቀ ልጅ አፍ ውስጥ ሳያዩ ጣት መክተት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ነገሩን ወደ ታች ይገፋዋል። ይህን አንቺ ብቻ ሳትሆኚ ባለቤትሽም እቤት ተለማምዶት ይሂድ። ልጁ ራሱን ከሳተ አንዱ ወደ ሆስፒታል ይደውል ወይም መኪና ያምጣ፣ ሌላው ልጁን አይልቀቅ።

አሁን ወለሉን ተመልከቺ። ቄጤማ ለዓይን ደስ ይላል፤ ለሚድህና ለሚወዛወዝ ልጅ ግን ምንም ነገር የሚደበቅበት ሣር ነው። ቁርስ ተበልቶ ሰው ሲነሣ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለሽ በእጅሽ አበጥሪው፦ የቆሎ ፍሬ፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ የፈነዳ ከሰል ፍርፋሪ፣ ሳንቲም፣ ከልብስ የወለቀ ቁልፍ ታገኛለሽ። ፈንድሻ ደግሞ ሆን ተብሎ ይረጫል። ልጁ በጣቱ ሣሩን እየገለጠ ይህንኑ ለቅሞ አፉ ይከታል፤ ለቃሚነት በዚህ ዕድሜ ትልቁ ሥራው ነውና። አማትሽን ሳሎኑ ሁሉ ይጎዝጎዝ፣ አንድ ጥግ ግን፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ያህል፣ ባዶ ቀርቶ ምንጣፍ ይነጠፍበት ብለሽ ጠይቂ። መጫወቻው እዚያ ነው። ቄጤማው ከሰው በኋላ ተጠርጎ ቢታደስ ለቤቱም ያምራል።

በስጦታ ከሚመጡት መጫወቻዎች የሚዘፍኑትንና መብራት የሚያበሩትን ባትሪያቸውን እዪ። ክብ፣ ሳንቲም የሚመስል ባትሪ ካላቸውና ክዳኑ በቡሎን ካልታሰረ ከልጁ ይራቁ። የተዋጠ ክብ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላል። መዋጡን ከተጠራጠራችሁ አታስታውኩት፤ ቀጥታ ሆስፒታል። ደግሞ ጓዳ ውስጥ በሃይላንድ ተቀድቶ የተቀመጠ በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ ካለ ከመደርደሪያው ጫፍ ይውጣ። እነዚህም ቢጠጡ ማስታወክ የለም፤ ሲወጡ እንደገና ያቃጥላሉ፣ ወደ ሳንባም ይገባሉ። ሆስፒታል ስትሄዱ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ቡናው ለብቻው ይነገር። ማንደጃው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል፤ ጀበናው ከላዩ፣ ረከቦቱ ከጎኑ፣ ሁሉም በልጅሽ እጅ ልክ ነው። አቦል ቶና በረካ እስኪባል ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በዓል ከሆነ በቀን ሁለት ሦስቴ ይፈላል። የሚያቃጥለው ነገር ደግሞ ፍሙ ብቻ አይደለም፤ ጭን ላይ ሕፃን ታቅፎ ስኒ የሚይዝ ሰው ነው። ልጁ እጁን ሲዘረጋ ትኩስ ቡና ፊቱ ላይ ይፈሳል። እንግዲህ ሕጉ አንድ ነው፦ ስኒ የያዘ ሰው ልጅ አይዝም፤ ልጅ የያዘ ሰው ስኒ አይቀበልም። እጣኑም ቢሆን በሩ ተከፍቶ ይጨስ።

ቡና ሲፈላ ልጁን የሚጠብቅ አንድ ሰው ስሙ ተጠርቶ ይመደብ። 15 ሰው ባለበት ሳሎን ልጁን ሁሉም የሚያየው ስለሚመስለው ማንም አያየውም። ጠባቂው ሲቀየር በቃል ይሁን፦ «አሁን አንተ ጋ ነው፣ እሺ?» «እሺ፣ እኔ ጋ ነው።» የባለቤትሽ ታናናሾች ለዚህ ምቹ ናቸው፤ አደባባይ ወጥቶ ባጃጅ ማሳየት ለልጁም ለእነሱም ከቡናው ይሻላቸዋል።

ቢቃጠል፦ ልብሱን አውልቂ፣ ከተጣበቀ ተዪው፤ ቦታውን 20 ደቂቃ ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሺበት። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ «በቃው» የሚል አይጠፋም፤ አትስሚ። ቀሪው ገላው እንዳይበርደው ግን በጋቢ ሸፍኚው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቡና አይቀባም፤ ሙቀቱን ይዘው ያቆዩታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። ፊቱ፣ እጁ ወይም ብልቱ ከሆነ፣ ወይም ከልጁ መዳፍ ከሰፋ ሐኪም ይየው።

እንቅልፍን በተመለከተ፣ በዚህ ዕድሜ ልጅ ቀንና ሌሊት ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ይተኛል። በበዓል ቤት ይህን ሙሉ በሙሉ አታገኚም። ከቀኑ እንቅልፍ አንዱን፣ ከ7 ሰዓት አካባቢ ያለውን፣ ብቻ ጠብቂ፤ ማታ ቢያመሽም እሱ ካለ አይነጫነጭም። ዋዜማ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን የሚያድረው አንዳችሁ ይሁን፤ ሌላኛችሁ ከልጁ ጋር ይደር። ፍራሹ መሬት ላይ ይሁን፣ ከግድግዳው ጋር ክፍተት ሳይኖር ተጠግቶ። ጠላ ወይም አረቄ የጠጣ ሰው አጠገቡ አይተኛ፤ ይህ የባልሽም ጉዳይ ነው። ሐዋሳ በታኅሣሥ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ «ክፍሉ ይሙቅ» ተብሎ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት እንዳይገባ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ሰው ይገድላል፤ ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስም እንኳ ጋዙ አይቆምም። ልብስ መደረብ ይበቃል።

አጎበር ከአዳማ ይዘሽ ሂጂ፤ እንግዳ በበዛበት ቤት አጎበር አይተርፍም። ጫፉ በፍራሹ ሥር ይወተፍ። የወባ ትንኝ የምትነክሰው በተለይ ሌሊት ስለሆነ ሐይቁ ዳር ከሆናችሁ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ተመለሱ። ሐይቁን ማሳየት ጥሩ ነው፤ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ አይቶ የማይደነቅ ልጅ የለም። እግሩን ግን ውኃው ውስጥ አታስገቢው፤ በሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለ፣ በቆዳ በኩል ይገባል። ጦጣ ባለበት ቦታ ልጁ እጁ ላይ ሙዝ ወይም ብስኩት አይያዝ። ጀልባ ከሆነ ለሱ ልክ የሚሆን የሕይወት ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ።

ጉንፋን ያለበት ሰው ልጁን አቅፎ እንዳይስመው የምትከለክይው አንቺ ከሆንሽ ያስቀይማል። አያቱ «እግሩን ሳሙት፣ አፉን ተዉት» ካሉ ሰው ሳቅ ብሎ ያልፋል። እጁን መሳም ግን አይረባም፤ ወዲያው አፉ ይገባል። የባሰው ደግሞ ልጁ ትንሽ ካሳለ በኋላ ነው። «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» የሚል፣ ቅቤ በአፍንጫው ልጨምር የሚል፣ ዳማከሴ ጨምቆ የሚያመጣ ይኖራል። እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፤ በአፍንጫ የገባ ቅቤ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ዳማከሴውም ለሕፃን መጠን የለውም። እዚህ ላይ ባለቤትሽ ራሱ ይቁም፤ አንቺ እንኳ ዝም ብትዪ እሱ ዝም ማለት የለበትም።

በሻንጣሽ ትኩሳት መለኪያ፣ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ከመለኪያ መርፌው ጋር፣ ኦ.አር.ኤስ እና ዚንክ ይኑር። ፓራሲታሞል በአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 10 ኪሎ ልጅ ከሆነና ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ከተጻፈ 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ሌላ አክስትም በራሷ ጊዜ እንዳትደግመው የሰጠሽበትን ሰዓት ጻፊ። ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤሱን ጀርባው ላይ በተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሊትር፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጪ። ውኃው ከጎደለ ጨው ይበዛበታል፤ ከበዛ አይረዳም። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ በማንኪያ ስጪው፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀሽ ቀስ ብለሽ ቀጥዪ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፊ። ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ነው፤ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም። የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ደም ካየሽ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ቤት አትቆዩ። ገና በገባችሁበት ቀን ወደ ሪፈራል ወይም አዳሬ ሆስፒታል ሌሊት የሚወስዳችሁ የባጃጅ ሹፌር ስልክ ያዙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጉዞው ወደ 220 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ። ከልጅ ጋር ከ4 ሰዓት ያላነሰ ያዙለት። ታኅሣሥ 27 ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ብትነሡ እንቅልፉን መንገድ ላይ ይጨርሳል፤ ሰው ከመብዛቱ በፊትም አንድ ቀን ቤቱን ይለምዳል። ቀደም ብላችሁ ለታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ደርበን እንሂድ ካላችሁ ከተማዋ በምእመን ትሞላለችና መኪናውም ማረፊያውም ይከብዳል። በቤት መኪና ከሆነ የሕፃን መቀመጫ ተውሳችሁም ቢሆን ኋላ ላይ፣ ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ይታሰር። በሚኒባስ ከሆነ ፊት ከሹፌሩ ጎን አትቀመጪ፤ አንድ ቀበቶ ለሁለታችሁም አታድርጊ፣ በግጭት ጊዜ ያንቺ ክብደት ይጨቁነዋል። ባቱ ላይ ወርዳችሁ ይንቀሳቀስ፤ ከመነሣታችሁ በፊት ግን ብዙ ጡት አትስጪው፣ ያስመልሰዋል።

ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጁን ካተኮሰው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የወባ ትኩሳት ትንኟ ከነከሰችው ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ባተኮሰው ዕለት ጤና ጣቢያ ወስደሽ ደሙ እንዲታይ ጠይቂ፤ ለመርማሪዋም ሐዋሳ ሰንብታችሁ እንደመጣችሁ ንገሪያት።